በፀደይ ወራት ወፎችንና እንቁራሪቶችን መመልከት
(የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት፤ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላላችሁ)



ከውጭ አገር በሚመጡት የእንግሊዝኛ ማንበቢያ መጻሕፍት ውስጥ «ስፕሪንግ» የሚል ርእስ አይጠፋም። ሥዕሉም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በረዶው ቀልጧል፣ ዛፉ አብቧል፣ ወፎች ከሩቅ አገር ተመልሰው ጎጆ ይሠራሉ፣ በኩሬው ዳር እንቁራሪቶች ዕንቁላል ይጥላሉ። ከሥዕሉ በታች «ወፎች ጎጆ የሚሠሩት መቼ ነው?» የሚል ጥያቄ ይኖራል። መልሱ «በስፕሪንግ» ነው። መዝገበ ቃላት ስንገልጥ ደግሞ ስፕሪንግ ማለት ፀደይ ነው ይለናል።

እንግዲህ አንድ የካርቱም ልጅ ይህን መልስ አምኖ በሚያዝያ ወር ደብተሩንና እርሳሱን ይዞ ወደ ሱቅ ዐረቢ ቢወጣ ምን ያያል? አቧራ ያያል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ቁራው አፉን ከፍቶ ጥላ ሥር ቆሟል። እንቁራሪት የሚባል ነገር በገበያው መሐል የለም። ልጁ ወደ ክፍሉ ተመልሶ በፈተናው ላይ «በስፕሪንግ» ብሎ ይጽፍና ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ነገር ግን ዓይኑ ያየው ሌላ ነው። የዛሬው ትምህርታችን ዓይናችሁ የሚያየውን መጻፍ እንድትለምዱ ነው።

የወቅቶች ስም

በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ይከፈላል። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ብዙ ሰው ግን በአነጋገር መስከረምንና ጥቅምትን ፀደይ ይላቸዋል፤ አደይ አበባ የሚታየው ያን ጊዜ ስለሆነ ነው። በቁጥሩ ከሄድን የአበባው ወቅት መፀው ነው። ፀደይ ደግሞ በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋዎች የበልጉ ዝናብ የሚያበቃበትና የክረምቱ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው።

ዐረብኛውም ከዚህ አይሻልም። «ኸሪፍ» የሚለው ቃል በደማስቆ ወይም በቤይሩት ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ስም ነው። በሱዳን ግን ኸሪፍ ማለት ዝናብ የሚዘንብበት ወራት፣ የእኛ ክረምት ማለት ነው። የእኛ ክረምት ደግሞ በእንግሊዝኛ ትምህርት ላይ «ዊንተር» ተብሎ ስለሚተረጎም፣ ተማሪው ሐምሌን ያስብና በሥዕሉ ላይ በረዶ ሲያይ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ በደብተራችሁ ላይ የወቅቱን ስም ብቻ ሳይሆን ቀኑንና ወሩን ጻፉ። ቀን አያሳስትም።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንምጣ። በአውሮፓ አብዛኞቹ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበትን ጊዜ የሚያውቁት በቀኑ መርዘም ነው። በለንደን በታኅሣሥ ወር አጭሩ ቀን 8 ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን፣ በሰኔ ረጅሙ ቀን ከ16 ሰዓት ተኩል በላይ ነው። በካርቱም ግን አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ፣ ረጅሙ ደግሞ 13 ሰዓት ያህል ነው፤ ልዩነቱ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። እንዲህ ባለ አገር ብዙዎቹ እንስሳት ከብርሃኑ ይልቅ ዝናቡን ይጠብቃሉ። ዝናብ ሲጥል ሣር ይበቅላል፤ ሣር ሲበቅል ፌንጣና አባ ጨጓሬ ይበዛል፤ ጫጩት የሚያድገው ይህንኑ በልቶ ነው።

በካርቱም በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ ከ160 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ አብዛኛውም ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይጥላል። በአዲስ አበባ ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። (ሁልጊዜ ግን በአማካይ አይሆንም። በሐምሌ ወር 1980 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በፈረንጆች 1988፣ በካርቱም በአንድ ቀን ውስጥ ብቻ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዘንቦ ከተማው በጎርፍ ተጥለቅልቋል። ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ የሚያስታውሱ አሉ።)

የሱቅ ዐረቢ ወፎች

ሱቅ ዐረቢ በካርቱም መሐል፣ በታላቁ መስጊድ አካባቢ ያለ ሰፊ ገበያ ነው። ከእናንተ መካከል በዚያ ያደጋችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁ ሻይ የሸጡበት፣ ዕቃ የተሸከሙበት፣ አውቶቡስ የተሳፈሩበት ብዙ ናችሁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲጀመር አካባቢው የጦር ሜዳ ሆነ፤ ሱቆቹ ተቃጠሉ፣ ተዘረፉ። የሱዳን ጦር የከተማውን መሐል መልሶ የያዘው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። እኔ ከዚህ በታች የምጽፈው ገበያው በሰው ተሞልቶ በነበረበት ጊዜ ይታዩ ስለነበሩት ወፎች ነው።

ከሁሉ በፊት ዓይን የሚስበው ጭልፊት ነው። ከሥጋ ቤቶቹ በላይ ክንፉን ዘርግቶ ይዞራል፤ ጅራቱ በመንታ የተሰነጠቀ ስለሆነ ከሩቅ ይለያል። ሥጋ ወይም ዳቦ በእጁ ይዞ የሚሄድ ልጅ ከጭልፊቱ ይጠንቀቅ። መንቁሩን ተመልከቱ፤ ቢጫ ከሆነ አፍሪካ ውስጥ የሚራባው ነው። ጥቁር ከሆነ ብርዱን ሸሽቶ ከአውሮፓ ወይም ከእስያ የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል። የአገሩ ጭልፊት ጫጩትም በመጀመሪያ መንቁሩ ጥቁር ስለሆነ በችኮላ አትፍረዱ፤ ወሩንም አብራችሁ ጻፉ።

የካርቱም ቁራ ደረቱና አንገቱ ነጭ፣ ሌላው ገላው ጥቁር ነው። ከደጋ የመጣችሁ ተማሪዎች የምታውቁት ቁራ ሌላ ነው። የእኛ የደጋ ቁራ በማጅራቱ ላይ ብቻ ነጭ ምልክት ያለው፣ መንቁሩ በጣም የወፈረ ትልቅ ወፍ ሲሆን የሚኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋዎች ነው። ሁለቱንም በአማርኛ «ቁራ» ብቻ ማለታችን ያሳዝናል፤ በደብተራችሁ ላይ «ደረተ ነጭ» እና «ማጅራተ ነጭ» ብላችሁ ለይታችሁ ብትጽፉ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል።

በየድንኳኑ ሥር እህል የምትለቅመው ትንሿ ዋኖስ ደረቷ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አላት፤ ድምጿ ቀስ ብሎ የሚስቅ ሰው ይመስላል። ድንቢጥም አለች። ስለ ድንቢጥ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህች ወፍ የምትኖረው ከሰው ጋር ነው። የምትበላው ሰው የሚያንጠባጥበውን ፍርፋሪና እህል፣ ጎጆዋንም የምትሠራው ሰው በሠራው ግድግዳ ቀዳዳና ጣሪያ ሥር ነው። ሰው ጥሎት በሄደ መንደር ድንቢጥ ብዙ አትቆይም። ጭልፊቱም ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ድንቢጦችን መቁጠር ሰዎችን እንደመቁጠር ነው፤ አንድ ቀን ወደ ሱቅ ዐረቢ የሚመለስ ተማሪ ደብተሩን ይዞ ቢሄድ፣ ድንቢጦቹን ቆጥሮ ገበያው ምን ያህል እንደተመለሰ መናገር ይችላል።

ከገበያው ወደ ሰሜን በእግር ብዙም ሳይርቅ ጥቁር ዓባይ ይገኛል፤ ከፊት ለፊቱ የቱቲ ደሴት፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ዓባይ የሚገናኙበት መቅረን ነው። በነጭ ዓባይ ዳር የነበረው የሱኑት የግራር ደን ከሰሜን የሚመጡ ብዙ የውሃ ወፎች የሚያርፉበት ቦታ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ዛፎቹ ለማገዶና ለሽያጭ ተቆርጠው ደኑ ባዶ ሆኗል። ዛፉ ሲያልቅ ወፉ የት እንደሚያርፍ እናንተው አስቡት።

ዝናብ አምጪው ሲምቢር

ከሁሉ ይልቅ በፀደይ ወራት ልትጠብቁት የሚገባው ወፍ ሱዳኖች ሲምቢር የሚሉት ሽመላ ነው። ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ከሽመላዎች ሁሉ ትንሹ ነው። ጀርባውና አንገቱ ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ ነው። በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊና ቀይ ቆዳ አለው፤ የእግሩ ጉልበት ቀላ ይላል። የሳይንስ ስሙ «ሲኮኒያ አብዲሚ» ይባላል። አብዲም በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዶንጎላ አስተዳዳሪ የነበረ ሰው ነው፤ ጀርመናዊውን ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔልን ስለረዳው ወፉ በስሙ ተጠራ። ይህ ሩፔል በኋላ እስከ ጎንደር መጥቶ ዋልያንና ጭላዳን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ሰው ነው።

ሲምቢር ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ ያለውን ጊዜ የሚያሳልፈው ከምድር ወገብ በታች፣ በታንዛኒያ፣ በዛምቢያ፣ በዚምባብዌ፣ በደቡብ አፍሪካና በመሳሰሉት አገሮች ነው። በእነዚያ አገሮች ያ ጊዜ ዝናብ የሚዘንብበት ነው። ከዚያም ወደ ሰሜን ጉዞ ይጀምርና በሚያዝያና በግንቦት ወደ ሱዳንና ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላዎች ይደርሳል። እሱ ሲመጣ ዝናቡ ተቃርቧል ማለት ነው። ጎጆውን በዛፍ ላይ ወይም በሣር ቤት ጣሪያ ጫፍ ላይ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዕንቁላል ይጥላል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ጫጩቶቹን አሳድጎ እንደገና ወደ ደቡብ ይሄዳል። እንግዲህ ይህ ወፍ በጋ የሚባለውን ነገር ብዙም አያውቅም፤ ከአንዱ ክረምት ወደ ሌላው ክረምት ሲመላለስ ይኖራል።

በሱዳን ገጠር ሲምቢር በቤቱ ጣሪያ ላይ ጎጆ ሲሠራ ባለቤቱ አያባርረውም። ዝናብ አምጪ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው። ዝናቡን የሚያመጣው ወፉ አይደለም፤ ዝናቡን ተከትሎ የሚመጣ ነው። ነገር ግን ሰዎቹ የያዙት ልማድ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ሲምቢር በብዛት የሚበላው አንበጣና ፌንጣ ስለሆነ ለማሽላው ጠባቂ ነው። ወንጭፍ በኪሱ የሚይዝ ተማሪ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያንብብ።

ቀድሞ በአውሮፓ የነበሩ ሊቃውንት ወፎች በብርድ ወራት የት እንደሚገቡ ግራ ስለገባቸው፣ አንዳንዶቹ በኩሬ ጭቃ ውስጥ ተኝተው ይከርማሉ ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን ጀርመን በክሉትዝ መንደር አጠገብ አንድ ነጭ ሽመላ ተገደለ። በአንገቱ ውስጥ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአፍሪካ ቀስት ተሰክቶ ነበር። ወፉ አፍሪካ ውስጥ ተወግቶ፣ ቀስቱን ይዞ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ተመልሷል! እስከ ዛሬ ድረስ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ ሞርቴንሰን የተባለ የዴንማርክ መምህር በወፎች እግር ላይ ቁጥር ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት ማሰር ጀመረ። ነጭ ሽመላ ከአውሮፓ ሲመጣም ሆነ ሲመለስ በሱዳን ላይ ያልፋል፤ በመጋቢት በሰማይ ላይ እንደ ጢስ እየተጠማዘዘ የሚወጣ የነጭ ወፎች መንጋ ካያችሁ ክንፉን እያማታ ሳይሆን በሞቃት አየር ተሸክሞ የሚወጣ መሆኑን አስተውሉ። እግሩ ላይ ቀለበት ያለው የሞተ ወፍ ብታገኙ በእጃችሁ ሳትነኩ ለመምህራችሁ ንገሩ።

እንቁራሪቶች የት ነበሩ?

በጭቃ ውስጥ ይተኛል የተባለው ነገር ለወፍ ስሕተት ቢሆንም ለእንቁራሪት ግን እውነት ነው። በአማርኛ እንቁራሪት፣ ጓጉንቸር፣ ጉርጥ እንላለን፤ ሱዳኖች ገዑንጅ ይላሉ። በጠቅላላው ቆዳው ለስላሳና እርጥብ፣ የኋላ እግሩ ረጅም ሆኖ ሩቅ የሚዘለውን እንቁራሪት፣ ቆዳው ደረቅና ኮረብታማ ሆኖ በአጭር በአጭሩ የሚዘለውን ጉርጥ ብንል ለትምህርታችን ይበቃል። በካርቱም አካባቢ ሁለቱም አሉ።

እንቁራሪት ውሃ በአፏ አትጠጣም፤ በቆዳዋ ነው የምትስበው። ስለዚህ ደረቅ ነፋስ ጠላቷ ነው። በበጋና በፀደይ ወራት ከአባይ ዳርና ከመስኖ ቦዮች ርቀው ያሉት በእርጥብ አፈር ውስጥ፣ በድንጋይ ሥር፣ በምድር ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽገው፣ ትንፋሻቸውንና የልባቸውን ምት ቀንሰው ይቆያሉ። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ በወረደ በዚያው ምሽት ትናንት ባዶ የነበረው ሜዳ በድምፅ ይሞላል። ከሰማይ ወረዱ የሚል ሰው አይጠፋም። ከእግራችን ሥር ነበሩ።

የሚጮኸው ወንዱ ነው። በጉሮሮው ሥር ያለውን ከረጢት በአየር ነፍቶ ሴቷን ይጠራል። እንቁራሪት ዕንቁላሏን በክምር፣ ጉርጥ ደግሞ እንደ ረጅም የዶቃ ፈትል አድርጋ ውሃ ውስጥ ትጥላለች፤ የአንዲት ጉርጥ ዕንቁላል በሺህ የሚቆጠር ነው። ከዕንቁላሉ የሚወጣው ልጅ ጭራ ያለው፣ እግር የሌለው፣ እንደ ዓሣ የሚተነፍስ ነው። ኩሬው ከመድረቁ በፊት እግር አውጥቶ ጭራውን ጥሎ መውጣት አለበት። አለዚያ ያልቃል። በዚህ የተነሣ በእኛ አካባቢ ያሉት ከአውሮፓዎቹ ይልቅ ፈጥነው ያድጋሉ። ትልቁ አረንጓዴ እንቁራሪት ልጆቹ ገና በጭራ ሳሉ የሌሎቹን እንቁራሪቶች ልጆች ይበላሉ፤ ጨካኝነት ቢመስልም ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ቶሎ የሚያድገው ይተርፋል። የጥንት ግብፃውያን ከጎርፍ በኋላ የሚታየውን ብዛት አይተው ኖሮ፣ በሥዕል ጽሕፈታቸው መቶ ሺህ (100,000) የሚለውን ቁጥር የሚጽፉት ጭራ ባለው የእንቁራሪት ልጅ ሥዕል ነው።

ጉርጥ የነካ ሰው ኪንታሮት ያወጣል ይባላል። ይህ ትክክል አይደለም፤ ኪንታሮት የሚመጣው ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ነገር ግን ከጉርጥ ዓይን በስተኋላ ባሉት እብጠቶች ውስጥ መርዝ አለ፤ ጉርጥ የነከሰ ውሻ አፉ አረፋ የሚደፍቀው በዚህ ነው። ስለዚህ አትንኩ፤ ከነካችሁም ዓይናችሁን ሳታሹ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

አንድ ክርክር ሁልጊዜ ይነሣል። የጤና ሠራተኞች ወባ እንዳይኖር የቆመ ውሃ ይፍሰስ ይላሉ፤ አንዳንዱ ተማሪ ደግሞ «እንቁራሪት ትንኝ ስለሚበላ ውሃው ይቆይ» ይላል። እንቁራሪት ትንኝ መብላቱ እውነት ነው፤ ወባን ለማቆም ግን አይበቃም። በመኖሪያ አጠገብ ያለው ውሃ ይፍሰስ። የምንመለከተው ከሰፈር ራቅ ያለውን ነው።

እንዴት እንመልከት?

መነጽር አያስፈልግም። ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃል። ለወፍ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል። አንድ ቦታ ምረጡ፤ በየቀኑ በዚያው ሰዓት 15 ደቂቃ ቁሙ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱንና ደመናውን፣ ያያችሁትን ወፍ፣ ስንት እንደሆነና ምን ሲሠራ እንደነበር ጻፉ። ስሙን ባታውቁ መጠኑን ከድንቢጥ፣ ከዋኖስ ወይም ከጭልፊት ጋር እያወዳደራችሁ፣ የመንቁሩን ቅርጽና የእግሩን ቀለም ግለጹ። ወፍ ያላያችሁበትን ቀንም «ምንም» ብላችሁ ጻፉ፤ ባዶው ቀን ካልተጻፈ የመጀመሪያው ሲምቢር የመጣበትን ቀን ማወቅ አይቻልም። መንጋው ብዙ ከሆነ አሥሩን ቆጥራችሁ ያ አሥር በመንጋው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ በዓይናችሁ ገምቱ።

እንቁራሪትን የምንቆጥረው በጆሮ ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ከቤታችሁ ደጃፍ ሳትርቁ፣ ከአዋቂ ሰው ጋር ሆናችሁ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ስሙ። ምንም ካልተሰማ 0፣ አንድ በአንድ መቁጠር ከተቻለ 1፣ ድምፆቹ ቢደራረቡም መለየት ከተቻለ 2፣ ሁሉም ተደባልቆ መለየት ካልተቻለ 3 ብላችሁ ጻፉ። በአሜሪካና በካናዳ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በዚሁ ዘዴ እየሰሙ መዝግበዋል።

ማስጠንቀቂያ። በቆመ ውሃና በቦይ ውስጥ እግራችሁን አታስገቡ፤ ቢልሃርዝያ አለ። ጦርነት በነበረበት ቦታ ሁሉ መሬት ላይ የወደቀ ብረት አታንሡ። ጎጆ ውስጥ እጅ አታግቡ።

መልመጃ

1. ግሪሳ ወፍ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች። አንድ ሚሊዮን ግሪሳ በአንድ ማሽላ እርሻ ላይ ቢያርፍ በቀን ስንት ኩንታል ይበላል? (1 ኩንታል = 100 ኪሎ ግራም)

2. ግሪሳን በወንጭፍ ማባረርና ሲምቢርን በወንጭፍ መምታት ለገበሬው ያላቸውን ልዩነት በአምስት መስመር ጻፉ።

3. በካርቱም ወይም በአገር ቤት የኖሩ አንድ ትልቅ ሰው ጠይቁ፤ የመጀመሪያው ዝናብ መቅረቡን በምን ያውቁ ነበር? የተናገሩትን በራሳቸው አነጋገር ጻፉ፤ የወፉን ስም በየትኛውም ቋንቋ ቢነግሯችሁ እንዳለ አስፍሩት።

4. ከመጋቢት 26 ጀምሮ እስከ ሰኔ 25 ድረስ ከላይ በተነገረው መንገድ መዝግቡ። የመጀመሪያው ሲምቢር የታየበትን ቀንና የእንቁራሪቱ ድምፅ ከ0 ወደ 1 ያለፈበትን ምሽት በቀይ እስክሪብቶ አስምሩበት። ደብተሩን ሰኔ 26 ለሳይንስ መምህራችሁ አስረክቡ።